ከመጠምጠም መማር ይቅደም

ጥምጥም የአዋቂ ምልክት ነው። መሪጌታው ነጩን ሻሽ ለመጠምጠም የበቃው ዓመታት በቆሎ ተማሪነት ተንከራትቶ፣ በመምህር ደጅ ከርሞ ነው። ትምህርቱ ሳይኖረው በሻሹ ብቻ ሊከበር የሚሻውን አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለው ገሠጹት። ይህ ተረት ዛሬ ንግድን ከመጽሐፍና ከፖድካስት ለሚማረው ወጣት ምን ይለዋል?

በአንድ በኩል ፍርዱ አሁንም ልክ ነው። ምን፣ ለማን፣ በስንት እንደሚሸጥ ሳያሰላ ማኅተም ያስቀረጸ፣ ቢሮ የተከራየ፣ «ሥራ አስኪያጅ» የሚል ካርድ ያሳተመ ሰው ሳይማር ጠምጥሟል። እንዲህ ላለው መጽሐፍ ባለውለታ ነው። ለምሳሌ በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ፣ ባና የሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ እስኪደርስ ብዙ እጅ ይደክምበታል፤ የበጉ ፀጉር ይሸለታል፣ ይነደፋል፣ ይፈተላል፣ ይሸመናል። ዋጋው ሲቆረጥ ግን የፈታይዋ ድካም ከሒሳብ የሚወጣበት ጊዜ አለ። የእጅ ሥራ ዋጋ እንዴት እንደሚተመን፣ የተሸጠበት ብር ሁሉ ትርፍ እንዳልሆነ፣ የቤት ገንዘብና የንግድ ገንዘብ ለምን እንደሚለያዩ የሚያስረዳ አንድ ምዕራፍ የዓመታት ኪሳራ ያስቀራል። አሠልጣኝ በማይደርስበት ደጋ በስልክ የሚደመጥ ትምህርት ሊናቅ አይገባውም።

ስህተቱ የሚጀምረው ማንበብና ማድመጥ ብቻውን መማር ሲመስለን ነው። ተረቱ የወጣበትን ጉባኤ ቤት እንመልከት። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ አይቀመጥም። የራሱን ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ ቤት ያልመታው፣ ምሥጢሩ ያልሰመረው ይታረምበታል፤ በማግሥቱ ሌላ ይዞ ይቀርባል። በአበው ዘንድ መማር ሠርቶ ማቅረብና መታረም ነበር። ፖድካስት ግን ይነግረናል እንጂ አይሰማንም። መጽሐፍም ስንስት አያርመንም። ስለዚህ ስለ ንግድ መደርደሪያ ሙሉ ያነበበ፣ ነገር ግን አንዲት ዕቃ ለገዢ ያላቀረበ ሰው ገና እርማት ያላየ ተማሪ ነው። የንግድ አራሚው ገዢ ነው።

በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ የተደረገ ጥናት ይህን ያጠናክራል። 1,500 አነስተኛ ነጋዴዎች በሦስት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን የተለመደውን የሒሳብ አያያዝና የግብይት ትምህርት ወሰደ። ሁለተኛው ዕድልን ቀድሞ መፈለግን፣ አዲስ ነገር መሞከርንና እንቅፋት ሲያጋጥም ሳይበገሩ መቀጠልን ሠለጠነ። ሦስተኛው ሥልጠና አላገኘም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 በሳይንስ መጽሔት ሲወጣ፣ የሁለተኛው ቡድን ትርፍ ካልሠለጠኑት በ30 በመቶ በልጦ ተገኘ። የአንደኛው ብልጫ 11 በመቶ ያህል ሲሆን፣ እሱም በእርግጠኝነት የሥልጠናው ውጤት ነው ለማለት የሚያስደፍር አልነበረም።

መንዝም የራሱ ምስክር አለው። የመንዝን በግ ለማሻሻል ተብሎ የአዋሲ ዝርያ ከውጭ መጥቶ ለብዙ ዓመታት ሲዳቀል ቆይቷል። አዋሲ በአገሩ የተመሰከረለት በግ ነው፤ እዚህ ግን በአርቢው ዘንድ የታሰበውን ያህል አልተስፋፋም። እ.ኤ.አ. በ2009 የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ከዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት ጋር በሞላሌና በመሐል ሜዳ አካባቢ ሌላ መንገድ ጀመረ። አስቀድሞ አርቢው ተጠየቀ፦ የትኛውን አውራ በግ ትመርጣለህ? ለምን? ከዚያ የግልገሎቹ ትውልድና ክብደት ይመዘገብ ጀመር፤ በመዝገቡና በአርቢዎቹ ዓይን ተመርጦ ጥሩው አውራ ለማኅበሩ በጎች ዋለ። ባለሙያው መዝገቡን፣ አርቢው የቆየ ዕውቀቱን አዋጡ። ይህ አሠራር ለሌሎች የአፍሪካ አገሮችም አርአያ ሆኗል። ከሩቅ የመጣ ዕውቀት መሬቱን ሲጠይቅ ይሠራል፤ የንግድ መጽሐፍም እንዲሁ ነው። በሌላ አገር ገበያ የተጻፈ ምክር በእኛ ገበያ እስኪፈተን ድረስ ጥሩ ግምት ብቻ ነው።

እንግዲህ ተረቱ ፈተናውን ያልፋል፤ የሚስተው «ይቅደም» ማለት «ተምረህ ጨርስና ጀምር» ማለት የሚመስለው ሰው ነው። የቅኔ ተማሪ እንኳ ከረጅሙ መወድስ አይነሣም። ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ብትበላሽ ጉዳቷ ትንሽ፣ ትምህርቷ ብዙ ነው። ንግድም መጀመር ያለበት ቢከስር ቤት በማይፈታ ገንዘብ ነው።

በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ ያለህ ወንድሜ፣ ያለሽ እኅቴ፦ አንብቡ፣ አድምጡ። አንድ ምዕራፍ ስትጨርሱ ግን ወደ ቀጣዩ ከመሄዳችሁ በፊት ከተማራችሁት አንዱን ገበያ አውጡት። ገዢው ምን አለ? ስንት ሰጠ? ለምን ትቶ ሄደ? ጻፉት፤ አርሙት፤ እንደገና ሞክሩት። ሥልጠና የምትሰጡም የምስክር ወረቀት አድላችሁ አትለዩዋቸው፤ ተመልሳችሁ ሥራቸውን እዩ፣ አርሙ። ያለ እርማት የተሰጠ ወረቀት ሳይማሩ ከተጠመጠመ ሻሽ አይሻልም።