ቅጠሉ ምን በደለ?

ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ የሐሙሲትና የወረታ ሰው አባቶች በጌምድር ይሉት በነበረው አገር፣ ላሊበላ የሚባል ዋሻ አለ። ከላስታው ላሊበላ ጋር በስም እንጂ በቦታ አይገናኝም። ከዋሻው በቁፋሮ የወጡ የሸክላ ፒፓዎችን ኒኮላስ ቫን ደር ሜርዌ የተባለ ተመራማሪ መርምሮ የካናቢስ ቅሪት እንዳገኘባቸው እ.ኤ.አ. በ1975 አሳተመ፤ ዕድሜያቸውም 14ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ተገምቷል። ተክሉን ትናንት ከባሕር ማዶ የመጣ ርኩሰት አድርጎ ለሚያይ ሰው እነዚህ ፒፓዎች መልስ ይጠይቁታል።

ጥያቄው የሃይማኖትም ነው። ፈጣሪ ያበቀለው ሁሉ መልካም ከሆነ፣ ክፋት በአንድ ቅጠል ውስጥ ያድራል? የደጋው ክርስቲያን ቡናን የሙስሊም መጠጥ ነው ብሎ የሚጸየፍበት ዘመን ነበር፤ ዛሬ ካህኑ ራሱ ረከቦት ፊት ተቀምጦ ይመርቃል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ደግሞ ትምባሆን ከልክለው ነበር። በቅኔ ቤት ግን ተማሪው ትምህርት እንዲገለጥለት አብሾ ይጠጣ እንደነበር በቤተ ክህነት የታወቀ ነው። አብሾ የሚቀመመው ሰው ከሚያሳብደው ከአስተናግር ነው!

ለካናቢስ በእምነት ስም ከተሟገቱት አንዱ ደቡብ አፍሪካዊው ጋሬዝ ፕሪንስ ነው። ሕግ የተማረ ራስ ተፈሪያን ሲሆን፣ ቅጠሉን በመያዝ ሁለት ጊዜ ስለተቀጣና ወደፊትም አልተውም ስላለ የጠበቃነት በር ተዘጋበት። እ.ኤ.አ. በ2002 የሃይማኖት ነፃነቴ ተነካ ብሎ በሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ቢከራከርም 5 ለ4 ተረታ። እ.ኤ.አ. በ2018 ያው ፍርድ ቤት ፕሪንስ በተከራከረበት ጉዳይ አዋቂ ሰው በግል ቦታው ቢጠቀም ወንጀል እንዳይሆን ወሰነ። ያሸነፈበት ግን የግል ሕይወት መብት እንጂ እምነት አልነበረም።

ይህ ለኢትዮጵያም ክርክር ትልቅ ትምህርት አለው። የሻሸመኔ ራስ ተፈሪያን ቅጠሉን የአምልኮ ክፍል ያደርጉታል፤ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አትቀበለውም፤ የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 525 ይከለክላል። አእምሮ ነቅቶ ይጸልይ የሚለው የቤተ ክርስቲያን ቃል በአጫሹ ላይ ብርቱ ነው።

ይህ ቃል ግን ገመድና ጨርቅ የሚሆነውን፣ ለቃጫ የሚለማውን የካናቢስ ዓይነት የሄምፕን ግንድ አይነካም። እ.ኤ.አ. የ1961ዱ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ራሱ ለቃጫና ለዘር ብቻ የሚለማውን ከቁጥጥሩ ውጭ አድርጎታል። የሚጥል በሽታ ያለበትን ሕፃንም አይመለከትም፤ ከዚሁ ተክል የሚወጣውንና የማያሰክረውን ካናቢዲኦል የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 ለሁለት ከባድ የሕመሙ ዓይነቶች ፈቅዷል። ሐኪም ለካንሰር ሕመምተኛ ሞርፊን ሲያዝ ማንም ስለ ኦፒየም ኃጢአት አይሰብክም፤ እዚህም ያው ሚዛን ይገባል።

ወደ ጣና ምሥራቅ ስንመለስ፣ ለፎገራ ገበሬ ሄምፕን ይዞ የሚመጣ ተሟጋች ከስብከቱ በፊት አፈሩን ይይ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ከእንግድነት ወጥቶ ከጤፍ ጋር በእንጀራ የተደባለቀው ሩዝ የለመደው ውሃ የሚተኛበትን ጥቁር ሜዳ ነው። ሄምፕ ግን ሥሩ ውሃ ውስጥ ከቆየ ይታመማል። ሕጉ አንድ ቀን ሙከራ ቢፈቅድ፣ የወረታ የሩዝ ምርምር ማዕከል ካለበት ሜዳ ይልቅ ክረምት የማይጥለቀለቀው ተዳፋት ይሻለዋል።