የፈሩት ይደርሳል

«የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።» ይህን ተረት አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ሰው ቤቱን ጥሎ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ አገጩን በመዳፉ ደግፎ ሲቀመጥ ይለዋል። መጽናኛ ነው፤ መምጣቱ የማይቀር ከነበረ ጥፋተኛ አይኖርማ። እኔ ግን ኡም ራኩባን ባሰብኩ ቁጥር ይህን መጽናኛ መቀበል ያቅተኛል።

ኡም ራኩባ በሱዳን ገዳሪፍ ግዛት፣ ከድንበራችን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለ የስደተኞች መጠለያ ነው። ራኩባ ሱዳኖች ከእንጨትና ከሣር የሚሠሩት ዳስ ነው። በ1977ቱ ረሃብ ዘመን ወገኖቻችን እዚያ ተጠልለዋል፤ ከቤተ እስራኤላውያንም ብዙዎቹ ኢየሩሳሌምን እንዳለሙ እዚያው ተቀብረዋል። መጠለያው ተዘግቶ ሃያ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ በኅዳር 2013 እንደገና ተከፈተ።

በዚያ ኅዳር ከገቡት ውስጥ ብዙዎቹ መራጮች ነበሩ። ለነሐሴ 2012 የታቀደው አገር አቀፍ ምርጫ በኮሮና ምክንያት ሲራዘም፣ ትግራይ ጳጉሜን 4 ቀን የራሷን ምርጫ አካሄደች። 2.7 ሚሊዮን ሰው ተመዝግቦ ነበር፤ ሕወሓት ከ98 በመቶ በላይ ድምፅ አገኘ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ምርጫው እንዳልተደረገ ይቆጠራል አለ። መቀሌም በተራዋ የፌዴራሉ መንግሥት ዘመን መስከረም 25 ቀን 2013 አብቅቷል አለች። ጥቅምት 24 ሌሊት ጦርነቱ ተጀመረ። ካርዱ ሳጥን ውስጥ ከገባ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም።

ሁመራ ላይ ድምፅ ለመስጠት የተሰለፈው ሰው ምን ፈርቶ ነበር? ራሱን የማስተዳደር መብቱ ሊነጠቅ መሆኑን። ጎንደር ላይ የምርጫውን ዜና በሬዲዮ የሰማውስ? ሃያ ሰባት ዓመት የገዛው ኃይል ተመልሶ እንዳይመጣ፣ ትግራይና አማራ የሚወዛገቡበት የወልቃይት ነገርም እንደተዳፈነ እንዳይቀር። ሁለቱም ፍርሃት መነሻ ነበረው። ሁለቱም ግን ፍርሃቱን የነገረው ለራሱ ወገን ብቻ ነበር። የራሱ ወገን ደግሞ ያንኑ አባብሶ መለሰለት።

እዚህ ላይ ወደ ተረቱ ሰዋስው ልመለስ። ተረቱ «የፈራሁት» አይልም፤ «የፈሩት» ይላል። ፈሪው ብዙ ነው፣ ስምም የለው። የፖለቲካ ንግግራችንም እንዲሁ ነው፤ «ሕዝቡ ሰግቷል» እንላለን እንጂ «እኔ ፈርቻለሁ» የሚል የለም። በ1997ቱ ምርጫ ወገኖች በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ሲከራከሩ ያየን ሁሉ ተስፋ አድርገን ነበር። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ከገዢው ፓርቲ በኩል የሩዋንዳ ጨፍጫፊ ሚሊሻ ስም የሆነው «ኢንተርሃምዌ» የሚል ቃል ተወረወረ፤ የሩዋንዳ ፍርሃት በብዙዎች ስም ታወጀ። ከምርጫው በኋላ በተነሣው ሁከት 193 ሲቪሎች መገደላቸውን ጉዳዩን እንዲያጣራ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አረጋገጠ። ባለቤት የሌለው ፍርሃት መልስ አይሰጠውም፤ የሚመለስለት ሰው የለማ።

«የጠሉት ይወርሳል» የሚለው ደግሞ የባሰ ነው። በወልቃይት ምድር ሁለቱም ወገን ይህን ተረት በራሱ ላይ የደረሰ አድርጎ ያውቀዋል። አማራው «በሕወሓት ዘመን ተወረስኩ» ይላል፤ የትግራዩ ሰው «ከ2013 ወዲህ ተወረስኩ» ይላል።

ጥቅምት 30 ቀን 2013 ማይካድራ ላይ ቢያንስ 600 ሰዎች፣ አብዛኞቹ አማሮችና ወልቃይቴዎች፣ በማንነታቸው ተለይተው መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በጊዜው ዘገበ። ወደ ኡም ራኩባ የገቡ ተጋሩም በአማራ ኃይሎች የደረሰባቸውን ተናገሩ። አምነስቲና ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2014 ባወጡት የጋራ ሪፖርት ከምዕራብ ትግራይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተጋሩ መፈናቀላቸውን ገለጹ። እዚህ ድረስ ተረቱ ረትቷል።

ግን ያው የኮሚሽኑ ዘገባ ሌላ ነገር አለው፤ እኔ ከሁሉ በላይ የማስበውም እሱን ነው። የማይካድራ ተጋሩ ነዋሪዎች አማራ ጎረቤቶቻቸውን በቤታቸው፣ በቤተ ክርስቲያንና በእርሻ ውስጥ ደብቀው አትርፈዋል። በዚያ ቀን በር የከፈተ ሰው የተደበቀው ማንን እንደሚደግፍ አልጠየቀም። የተደበቀውም የደባቂውን ድምፅ አልመረመረም። ተረቱ እዚያ በር ላይ ተረቷል፤ የፈሩት አላገኛቸውም፣ የጠሉትም አልወረሳቸውም።

ተረቱ ሁልጊዜ ሐሰት ነው አልልም። በሚያዝያ 2015 ሱዳን ራሷ ስትነድ፣ ከአንድ ጦርነት ሸሽተው ዳስ የሠሩት ሰዎች ሌላ ጦርነት ሲቀርባቸው አይተዋል። ያ በእነሱ ፍርሃት የመጣ አይደለም። የእኛው ግን እጃችን አለበት።

ስለዚህ አንባቢዬ ሆይ፣ ከሚቀጥለው ምርጫ በፊት አንድ ነገር እለምንሃለሁ። በገዳሪፍ ቡና ቤትም ሁን፣ በጎንደር፣ በመቀሌ ወይም በአዲስ አበባ፣ ከማዶ ያለ ሰው ስታገኝ «ማንን መረጡ?» አትበለው። «ጋሼ፣ ያን ቀን ምን ፈርተው ነበር?» በለው፤ ሳታቋርጥም ስማው። ተራህ ሲደርስ «የፈራሁት» ብለህ ጀምር።