ብዙ የሚወራለት ቋንቋ

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ጡረታቸው የደረሰ አንድ ፕሮግራመር አሉ። ሻይ ልንጠጣ ወጥተን ሳለ፣ «ስማ ልጄ፣ ስለዚህ ሃስኬል ስለምትለው ቋንቋ ሁለት ዓመት ሙሉ አወራኸኝ። ለመሆኑ ምን ሠራህበት?» አሉኝ። ስኳሬን ማማሰል ቀጠልኩ። ለካ ይህ ነው የሚባል ነገር አልሠራሁበትም!

ሃስኬል የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው። በ1987 (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) አሜሪካ፣ ኦሪገን፣ ፖርትላንድ ከተማ ላይ የተገናኙ ተመራማሪዎች ሐሳቡን ጠነሰሱት፤ የመጀመሪያው እትም በ1990 ወጣ። ስሙ የተወሰደው ከአመክንዮ ሊቁ ከሃስኬል ከሪ ነው። እንጀራ የሚበላበት ሰው ጥቂት ነው። በኢንተርኔት የሚካሄደውን ክርክር ያየ ግን ዓለም የምትሽከረከረው በሃስኬል ይመስለዋል። በተለይ «ሞናድ» የሚሏት ጽንሰ ሐሳብ ለጀማሪ እሬት ናት። ታዲያ የገባችው ሁሉ በማግስቱ ለሌላው ማብራሪያ ይጽፋል። እኔም ጽፌያለሁ። ማንም አልገባውም እንጂ።

ኮቦልን ደግሞ እዩት። በ1959 ተጠንስሶ በ1960 የወጣ፣ ለንግድና ለመንግሥት ሥራ የታሰበ ቋንቋ ነው። ዛሬም በየአገሩ ባንኮችና ኢንሹራንሶች ውስጥ ስንትና ስንት ገንዘብ ያንቀሳቅሳል። የኮቦል ሰው ግን ስለ ኮቦል ሲጨቃጨቅ ብዙም አይሰማም። ሥራውን ይሠራል፣ ደመወዙን ይቀበላል፣ ቤቱ ይገባል።

«የሚጮኸው ባዶ ጣሳ ነው» ብዬ እንዳልደመድም ራሴን መስደብ ይሆንብኛል። ደግሞም እውነቱ ሌላ ይመስለኛል። ጃቫ የሚጽፈውን ሰው ለምን መረጥከው ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ መሥሪያ ቤቱ መርጦለታል። ሃስኬልን የወደደ ግን ቢሮው ውስጥ ብቻውን ነው። በየቀኑ ምክንያት ይጠየቃል፤ ማንም ባይጠይቀው ራሱን ይጠይቃል። ስለዚህ መሰሉን ፍለጋ ባሕር ተሻግሮ ያወራል። የኔን ወሬ ሳስበው ግማሹ ፍቅር ነበር፤ ግማሹ ግን አልተሳሳትክም በሉኝ የሚል ልመና ነበር። የሚያሳፍረኝ ልመናውን «የዕውቀት ውይይት» ስለው መኖሬ ነው።

ይህን ብዬ ለዝምተኞቹ ላጨበጭብ ስል አንድ ነገር እጄን ያዘኝ። በ2020 ኤፕሪል፣ ኮሮና ሥራ ያሳጣው ሕዝብ ለድጎማ ሲጎርፍ፣ የኒው ጀርዚው ገዢ ፊል መርፊ ኮቦል የሚያውቁ በጎ ፈቃደኞች እንዲደርሱላቸው በአደባባይ ጠየቁ። የግዛቱ ሥርዓት ዕድሜው ከ40 ዓመት በላይ ነበር። ጥፋቱ የቋንቋው ነው ብዬ አልፈርድም፤ አሮጌ ሥርዓት ታቅፎ የተቀመጠ አለቃም መጠየቅ አለበት። ዝም አይነቅዝም እንላለን። ዝም ብሎ ሠርቶ፣ ዝም ብሎ ጡረታ የወጣ ባለሙያ ግን ዕውቀቱን ለማን ተወው? ማብራሪያ የሚጽፈው ለፍላፊ፣ በልመናውም ውስጥ ቢሆን፣ ለሚቀጥለው ሰው አንድ ነገር ይተዋል።

የኛን መሥሪያ ቤት የደመወዝ ፕሮግራም የሠሩት እኚሁ ሻይ የሚጠጡት ሰው ናቸው። ከእሳቸው በቀር ደፍሮ የሚነካው የለም። በሌላ ቀን፣ «ጋሼ፣ ይሄን የሚያውቁትን ሁሉ የሆነ ቦታ ጽፈውታል?» አልኳቸው።

«ማን ጠይቆኝ?» አሉኝ።