የመንገዱ ሐቅና የሰፈሩ ሐቅ



ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚወስደው አውራ ጎዳና ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ የሐይቅን ከተማ መሐል ለመሐል ይሰነጥቃትና በውጫሌ በኩል አምባሰልን ይዞ ወደ ሰሜን ይዘልቃል። በዚህ መንገድ በአውቶቡስ ስጓዝ የሰማሁት አጭር ንግግር ከአእምሮዬ ስላልጠፋ ለአንባቢያን ላካፍል ወደድኩ።

ከፊታችን የነበረ ከባድ መኪና ጡሩምባውን ሲያንባርቅ ከቁርኣን ቤት የሚመለሱ ሕፃናት ግራና ቀኝ ተበታተኑ። አልሐምዱሊላህ፣ የተጎዳ አልነበረም። አንድ ወጣት ተሳፋሪ ግን ተቆጣ። «ይህን መንገድ በከተማው ዳር አዙረው ቢያወጡት ምን አለ? ልጆቹም ይተርፋሉ፣ እኛም ቶሎ እንገባለን» አለ። ሁላችንም ተስማማን። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ግን፣ «ልጄ፣ ዳሩ እኮ ባዶ አይደለም። የእኔ ቤት ዳር ነው። የእናት አባቴም መቃብር እዚያው ነው» አሉ። አውቶቡሱ ጸጥ አለ።

ለመሆኑ ከሁለቱ ማን ነው ትክክል? ወጣቱ ሕይወት ለማዳን ተናገረ። እናቲቱ ደግሞ አንዱን ለማዳን የሚወሰድ እርምጃ ሌላውን እንደሚነካ አስታወሱን። በሐይቅ በአንድ ወገን ውሃው፣ በሌላው ወገን ተራራው አለ። በመካከል ያለው ማሳ፣ ቤት፣ መስጊድና የቀብር ስፍራ ነው። መሐንዲሱ በካርታው ላይ ነጭ ሆኖ የሚያየው ቦታ ለአንድ ሰው መላ ዓለሙ ነው።

የፊቅህ ሊቃውንት በዚህ ጉዳይ ሁለት መርሆዎችን አስቀምጠውልናል። አንደኛው፣ የብዙኃኑን ጉዳት ለመከላከል ሲባል የጥቂቶችን ጉዳት መሸከም ይቻላል ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ጉዳት በእኩያው ጉዳት አይወገድም ይላል። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ይዘን ሁለተኛውን እንረሳለን። «ለሕዝብ ጥቅም ነው» ካልን በኋላ ጥያቄው ያለቀ ይመስለናል። ነገር ግን ጥቂቶቹም የሕዝቡ አካል ናቸው፤ አላህ ዘንድም በየስማቸው የሚጠየቅላቸው ሐቅ አላቸው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የሰውን መሬት ስንዝር ያህል በግፍ የወሰደ በዕለተ ቂያማ ምን እንደሚጠብቀው አስጠንቅቀዋል።

ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) የመዲናን መስጊድ ለማስፋት የዐባስን ቤት በፈለጉ ጊዜ የሆነው በታሪክ መጻሕፍት ተዘግቧል። ዐባስ (ረ.ዐ.) እምቢ አሉ። ዑመር ኸሊፋ ሆነው ሳለ ጉዳዩ ለኡበይ ኢብን ከዕብ ዳኝነት ቀረበ፤ ፍርዱም ለዐባስ ሆነ። ዐባስ ቤታቸውን በገዛ ፈቃዳቸው የሰጡት ሐቃቸው ከተረጋገጠላቸው በኋላ ነው። ልብ እንበል፤ የተፈለገው ሥራ ከመንገድም የሚበልጥ የአላህ ቤት ነበር።

«እያንዳንዱ ባለቤት እምቢ ካለ መንገድ መቼ ይሠራል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በአገራችንም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ንብረት መውሰድ እንደሚችል፣ ነገር ግን ተመጣጣኝ ካሳ አስቀድሞ መክፈል እንዳለበት ይደነግጋል። አንቀጽ 43 ደግሞ ሕዝቡ ማኅበረሰቡን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን እንዲሰጥ የመጠየቅ መብት እንዳለው ያስቀምጣል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ጭምር ካሳ እንዲታሰብ አድርጓል። ይህ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ቅሬ ሲበተን፣ የአዛን ድምፅ ሲርቅ፣ ለዱዓ ቡና የሚጠራሩ ጎረቤቶች ሲለያዩ በብር የማይተካ ነገር ይቀራል። ስለዚህ ካሳው የምክክሩ ምትክ ሊሆን አይገባውም። ባለሥልጣን ሕጉ መውሰድን ቢፈቅድለትም እንኳ ባለቤቱ «እምቢ» ማለት የሚችል ያህል አክብሮ ይጠይቀው፤ የቅሬ ዳኛውን፣ ሽማግሌዎቹን፣ እናቶቹንም ቅየሳው ከመጀመሩ በፊት ይስማ።

የሠራናቸው መንገዶችም አስተምረውናል። በ1990ዎቹ የተሠራው የአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ መኪናውን አፍጥኖ ጎረቤትን ከጎረቤት ለየ፤ ሰዎች የሲሚንቶ አጥሩን እየዘለሉ ሲሻገሩ ሕይወታቸውን አጡ። ከአዲስ አበባ አዳማ የተዘረጋው የፍጥነት መንገድ ደግሞ ዱከምን፣ ቢሾፍቱንና ሞጆን በዳር አልፏል። ከባዱ መኪና ከከተማ ሲወጣ ሰው እፎይ ይላል። ግን የገበሬው ማሳ ለዚህ ዋጋ ከፍሏል። እፎይታውም ዋጋውም እውነት ነው፤ አንዱን ቆጥሮ ሌላውን መዝለል ሚዛን ማጉደል ነው።

እኛም ከተጠያቂነት አንድንም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመንገድ ዳር ለሚቀመጡ ሰዎች መንገድ ሐቅ እንዳለው፣ ከሐቁም አንዱ ሰውን አለማስቸገር መሆኑን አስተምረዋል። ሸቀጡን አስፋልቱ ላይ የዘረጋ ነጋዴ፣ በከተማ ውስጥ የሚከንፍ ሾፌር፣ «ንዳው!» እያለ የሚወተውት ተሳፋሪ፣ ሁሉም ይህን ሐቅ ያጎድላል። ሌላውን ሰፈር ከማፍረሳችን በፊት በእጃችን ያለውን ጉዳት አስወግደናልን?

አንድ ነገር ልጨምር። ለመስጊዳችንና ለመቃብራችን የምንጠይቀውን ክብር ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምና ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችን መቃብርም እንጠይቅ። ፍትሕ ለራስ ብቻ ሲሆን ፍትሕ አይባልም።

እኔ መንገዱ በዳር አይዙር አልልም። የአንድ ሕፃን ነፍስ ከብዙ ግድግዳ ትበልጣለች። ነገር ግን ያ መንገድ በተሠራ ማግስት በሰላም የሚያልፍ ሁሉ ቤታቸውን ለለቀቁት ባለዕዳ መሆኑን ይወቅ። እናቲቱ ሐይቅ ሲደርሱ ወረዱ። ወጣቱ ዘንቢላቸውን አቀበላቸውና፣ «አፉ ይበሉኝ እናቴ፣ ዳሩን አላሰብኩትም ነበር» አላቸው። መሪዎቻችንም እኛም ዳሩን አስቀድመን የምናስብ ያድርገን።

ወላሁ አዕለም።