ሁለት እግር፣ ሁለት ዛፍ

«ሁለት እግር አለኝ ብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ይላሉ አበው። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው፣ ካደግሁ ወዲህም ሌላውን ስመክርበት ኖሬአለሁ። ለመሆኑ ሁለት ዛፍ መውጣት ግድ የሆነበት፣ ገንዘቡ ግን ለአንድ መሰላል ብቻ የሚበቃው ሰው ምን ያድርግ? ጥያቄውን እንዳነሣ ያስገደዱኝ በአንድ ሰሞን የደረሱኝ ሁለት መልእክቶች ናቸው። አንዱ ከበረዶ አገር፣ ሌላው ከቆላ ነበር፤ ሁለቱም ግን የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው።

የመጀመሪያው የመጣው ከካናዳ ነው። ጎንደር በአንድ ክፍል አብሮኝ የተማረ፣ ዛሬ አልበርታ በሚባለው ክፍለ ሀገር የሚኖር ወዳጄ፣ ከብዙ ዓመት የሌሊት ሥራ በኋላ ጥቂት ገንዘብ ይዞ በክረምት ተራራ ለተራራ የሚፈነጭበት ሞተር ሊገዛ አስቧል። ምርጫው ሁለት ነው። አንደኛው ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ለበረዶ ብቻ የተሠራ ነው፤ ከፊቱ አንድ ስኪ፣ ከኋላው የጎማ ሰንሰለት አለው፤ ከበረዶ ውጭ ግን ፋይዳ የለውም። ሁለተኛው ማናችንም የምናውቀው ሞተር ሳይክል ነው፤ በረዶ ሲጥል የፊቱን እግር ፈትተው ስኪ፣ የኋላውን ፈትተው ሰንሰለት ይገጥሙለታል፤ በጋ ሲመጣ ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል። «አንተ መቼም አስተያየት የምታጣበት ነገር የለም፤ የትኛውን ልግዛ?» ይላል ወዳጄ። በረዶ ሲባል ቆርቆሮ ላይ የሚንጣጣውን ብቻ ለማውቀው ለእኔ ጥያቄው ሳቅ ነበር የፈጠረብኝ።

ሁለተኛው መልእክት ግን አላሳቀኝም። የላከችው መተማ ቆላ ያገባችው ታላቅ እኅቴ ናት።

መተማ ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው አጼ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁበት የጦር ሜዳ ነው። የቅርቡን ዘመን የሚከታተል ደግሞ በሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ በዚያ በር የገባውን ስደተኛ ያስባል። እዚያው ለሚኖረው ገበሬ ግን መተማ ማለት ከሁሉ በፊት ዋልካ ነው። ጥቁሩ አፈር በበጋ ይሰነጣጠቅና እግር የሚውጥ አፍ ይከፍታል። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ጫማ ከእግር የሚነጥቅ ማጥ ይሆናል። የበረሃው ጌታ ግመል እንኳ በዋልካ ላይ እግሩ እየተንሸራተተ መቆሚያ ያጣል። ትራክተር ሰጥሞ ሲያድር ማየትም ብርቅ አይደለም። የሚገርመው ሰሊጡን፣ ጥጡንና ማሽላውን የሚሰጠውም ይኸው አፈር መሆኑ ነው። የሚያበላውና መንገድ የሚዘጋው አንድ ነው።

የእኅቴ መንደር ከአዘዞ ተነሥቶ በአይከልና በገንዳ ውኃ አድርጎ መተማ ከሚገባው አስፋልት የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ገባ ይላል። የወረዳው አምቡላንስ ቢጠራ አስፋልቱ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው በክረምት የትከሻ ሥራ ነው። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ትጫናለች፤ ጎረምሶች እየተቀባበሉ፣ ጉልበታቸው ድረስ በጭቃ እየሰመጡ ያወጧታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እናቶች ቀናቸው ሲቀርብ በጤና ጣቢያው ግቢ ባለው ማቆያ ገብተው እንዲጠባበቁ ይመክራሉ። ምክሩ መልካም ነው። ነገር ግን በአረም ወቅት ቤቷን፣ ልጆቿንና የሠራተኛውን ምግብ ጥላ ሁለት ሳምንት የምትቀመጥ ሴት ስንት ናት?

እድራቸው በአንድ ጥሩ የሰሊጥ ዓመት ገንዘብ አዋጣ። የወላድና የሕመምተኛ ማመላለሻ ሊገዙ ነው። እዚያም ምርጫው ሁለት ሆነ፦ ወይ አልጋ የተገጠመለት፣ ዙሪያውን የተሸፈነ፣ ለሕመምተኛ ተብሎ የተሠራ ባለ ሦስት እግር፤ ወይ ተራ ሞተር ሳይክል ገዝቶ በያጅ የሚሠራውን ባለ አልጋ ተጎታች ከኋላው መቀጠል። «አንተ የተማርክ ነህና አስበህ ንገረን ብለዋል» አለችኝ እኅቴ።

እኔም በዲፕሎማ የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነውና እንደ ልማዴ ማገላበጥ ጀመርኩ። የሁለቱ ሞተሮች ክርክር አዲስ አለመሆኑን ያየሁት ያኔ ነው። በሩሲያው ንጉሠ ነገሥት በዳግማዊ ኒኮላስ ጋራዥ ይሠራ የነበረ አዶልፍ ኬግሬስ የተባለ ፈረንሳዊ የቤተ መንግሥቱን አውቶሞቢሎች የኋላ እግር እየፈታ የጎማ ሰንሰለት፣ ከፊት ደግሞ ስኪ ይገጥም ነበር። ከአብዮቱም በኋላ የሌኒን ሮልስ ሮይስ በዚሁ ዘዴ በበረዶ ላይ ሄዷል። ለበረዶ የታሰበው ይህ ሰንሰለት እ.ኤ.አ. በ1922 መጨረሻ በሲትሮይን መኪናዎች ላይ ተገጥሞ ጉዞ ጀመረና በ1923 መጀመሪያ ሰሃራን አቋርጦ ቲምቡክቱ ገባ። የተቀጠለ ነገር እንዲህ ነው፤ ያልታሰበበት ቦታ ድረስ ይሄዳል።

በሌላው ወገን የቆመው የካናዳው ተወላጅ ጆሴፍ አርማንድ ቦምባርዲየር ነው። እርሱም በወጣትነቱ አሮጌ መኪና እየፈታታ በበረዶ ላይ ለማስኬድ ይሞክር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1934 ክረምት የሁለት ዓመት ልጁ በትርፍ አንጀት ታመመ። መንገዱ በበረዶ ተዘግቷል፤ የሚሞክረው መኪና ለጉዞ አልደረሰም፤ ልጁ ሐኪም ቤት ሳይደርስ ሞተ። ሰውየው ተስፋ አልቆረጠም፤ በ1937 ለሰንሰለቱ አሠራር የፈጠራ መብት አገኘ፤ ከዚያም ለበረዶ ብቻ የተሠሩ፣ ሰባት ሰው የሚይዙ መኪናዎችን ማምረት ያዘ። በ1959 ደግሞ ስኪዱ የተባለችውን ትንሿን የበረዶ ሞተር ለገበያ አወጣ።

ከዚህ ሁሉ ያወጣሁት ትምህርት ለምክሬ የሚመቸኝን ነበር። «ለአንድ ነገር ብቻ የተሠራውም ቢሆን አስቀድሞ ቅጥል ነበር፤ መቀጠል ነውር አይደለም» አልኩ። ከዚያም አሳብ በአሳብ ላይ ደረደርኩ። የባለ ሦስት እግሩ ጎማ ትንሽ፣ ሆዱም ዝቅተኛ ነው፤ ዋልካው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ተጠቅጥቆ ያቆመዋል። በበጋ ሥራ ፈትቶ ሲቆም ባትሪው ይሞታል፤ ሽቦውን አይጥ ይበላዋል። ሞተር ሳይክል ግን በእግረኛ ዱካ ያልፋል። ካንዴላውን የማይፈታ ጎረምሳ በአገሩ የለም። በዚያ ላይ ተጎታቹ ሲፈታ እየተከራየ ለእድሩ ገንዘብ ያስገባል። «ለሁለት ዛፍ አንድ መሰላል ይላችኋል ይህ ነው» ብዬ ጻፍኩላቸው። ለካናዳው ወዳጄም ይህንኑ መከርኩ። በራሴ ረክቼ አደርኩ።

እድሩም ምክሬን ተቀበለ።

በማግስቱ ዓመት፣ የፍልሰታ ጾም በተፈታ ሰሞን፣ የእኅቴን ጎረቤት በእኩለ ሌሊት ምጥ ያዛት። ዝናቡ ይወርዳል። ሰዎች ሞተሩ ወደሚያድርበት ግቢ ሮጡ። ተጎታቹ አለ፤ ተፈትቶ ግድግዳ ተደግፏል። ሞተሩ የለም። ሩቅ ካለ ማሳ ለሚያርሙ ሠራተኞች እህልና ውኃ አድርሶ ዝናብ ስለያዘው እዚያው አድሯል። ኪራዩ የተፈቀደ ነው፤ ገንዘቡም ሳይጎድል በእድሩ ሣጥን ገብቷል። አጥፍቷል የሚባል ሰው የለም። መልእክተኛ በእግሩ ሄዶ፣ ሞተሩ መጥቶ፣ የዛገው ብሎን ተጠምዝዞ እስኪገጥም ሰማዩ ቀላ። እርሷን ግን ቀደም ብለው በቃሬዛ ይዘዋት ወጥተው ነበር። እናቲቱ ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም።

በመስከረም ሄድኩ። ማንም አልወቀሰኝም፤ ይልቁንም ያቺው ሴት ቡና አፍልታ ጠራችን። እኔ ነኝ ዝም ማለት አቅቶኝ ማስረዳት የጀመርኩ። ባለ ሦስት እግሩ ቢገዛ ኖሮ በዚያ ጭቃ ፈቀቅ እንደማይል ስናገር የእድሩ ዳኛ አቋረጡኝ።

«ልጄ፣ እሱንማ እኛም እናውቃለን። ከግቢም አይወጣ» አሉ። ጥቂት ቆይተው፣ «የእድራችንን ድንኳን አይተኸዋል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

አይቼዋለሁ አልኩ።

«ሸራ ነው እኮ። ሰሊጥ ታጭዶ ቆሞ ዝናብ ሲያስፈራራ የሁላችንንም ባይሆን የአንዳችንን ክምር ይሸፍን ነበር። ግን ማንም ዓይኑን አይጥልበትም። ለቅሶ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅማ።»

ሌላ አልጨመሩም። እኔ ግን ነገሩ ሲገባኝ አፈርኩ። ለሞት ድንኳን ለይተን አስቀምጠናል፤ ለልደት የገዛነውን ግን ለአረም አከራየነው። ያከራዩትም እኔ «በዚያ ላይ» ብዬ እንደ ጥቅም በቆጠርኩላቸው ነገር ነው። የተጠየቅሁት ስለ ብረት መስሎኝ ስለ ብረት መለስኩ፤ መልሴም ትክክል ነበር። ያልጠየቅሁት ጥያቄ ግን ሞተሩ በሚያስፈልግበት ሌሊት የት ያድራል የሚለውን ነው።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ለአንድ ነገር ብቻ የተሠራ መሣሪያ ታማኝነቱ ከብረቱ ጋር ተቀጥቅጦ ነው የሚመጣው። የበረዶ ሞተር በበጋ ማንም አይዋሰውም፤ ስለማይረባ ባለበት ይቆያል። ሁሉን የሚችለው ግን ሁልጊዜ ፈላጊ አለው፤ ፈላጊ ያለው ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ሌላ ቦታ ነው። እንግዲያው ታማኝነቱን ብረቱ ካልሰጠው ማን ይስጠው? ድንኳኑን ከሸራነት አውጥቶ ድንኳን ያደረገው ፋብሪካ አይደለም፤ የእድሩ ቃል ነው። ሀብታም ለእያንዳንዱ ጉዳይ የተለየ ዕቃ ይገዛል። ድኻ ግን አንዱን ዕቃ ለብዙ ጉዳይ ያውላልና ከሀብታሙ ይልቅ ቃልና ደንብ ያስፈልገዋል።

ይህን ማለት ቀላል ነው፤ ዋጋ ግን አለው። እድሩ በዚያው ወር ተሰብስቦ ከሰኔ 1 እስከ መስከረም 30 ተጎታቹ ከሞተሩ እንዳይፈታ፣ ቁልፉም ከዳኛው ቤት እንዳይወጣ ወሰነ። ለሚቀረው ኪራይ ማካካሻ በየቤቱ መዋጮ ተጨመረ። ያን ጊዜ ማሳው ሩቅ የሆነ አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ፣ «በአረም ጊዜ እህል ሳይደርስላቸው ሠራተኞቼ ጥለውኝ ቢሄዱ የዓመት ልፋቴን ማን ይክሰኛል?» ሲል ጠየቀ። ክፋት አልነበረበትም። አገሩ ለጥቂት ሳምንት በሚመጣ የቀን ሠራተኛ የሚኖር ነው፤ አረም ካመለጠ ሰሊጥ የለም፤ ሰሊጥ ከሌለ መዋጮም የለም። ለእርሱ የሚያረካ መልስ የሰጠው ሰው አልነበረም። እጅ ወጥቶ ተቆጠረና በድምፅ ተበለጠ። ቃል ማለት እንግዲህ ይኸው ነው፤ ሳያስፈልግ ቆሞ ለሚከርም ነገር የሚያስፈልግህን ትተህ መክፈል።

በመመለሻዬ አውቶቡስ ውስጥ ስለ ራሴ አሰብኩ። እኔም ቅጥል ሞተር ነኝ። የሠርግ መጥሪያ አርማለሁ፤ የድርጅት ሪፖርት እተረጉማለሁ፤ ለማስታወቂያ ግጥም እገጥማለሁ። ብፈልግ መጻፍ እንደምችል አውቃለሁና «ሲያስፈልግ እጽፋለሁ» እላለሁ። የተማርኩበት ሥራ በእውነት ያስፈለገባቸው ጥቂት ቀኖች ግን በሕይወቴ አልፈዋል፤ በእነዚያ ቀኖች እኔ ኪራይ ላይ ነበርኩ። እንጀራ ነውና አላፍርበትም። ግን ከዓመቱ ውስጥ ተጎታቼን የማልፈታበት ወር ለይቼ አላውቅም ነበር።

ለካናዳው ወዳጄ እንደገና ጻፍኩለት። «ምክሬን አንሥቻለሁ። በዚያ በረዶ ውስጥ ያንተን መምጣት የሚጠብቅ ሰው አለ? ከሌለ ነገሩ ጨዋታ ነውና ደስ ያለህን ግዛ። ካለ ግን አስቀድመህ ሞተሩን ለማን እንደምትለየው ወስን፤ ምርጫው ከዚያ በኋላ ይቀላል» አልኩት። የሚጠብቀው ሰው አለመኖሩን ጽፎልኝ ቅጥሉን ገዛ። በበጋም እየነዳው ይሠራበታል። ደግ አደረገ።

ባለፈው ክረምት እኅቴ ስትደውል ሞተሩን ጠየቅኋት። ከነተጎታቹ በላስቲክ ተሸፍኖ ከዳኛው ቤት ጥግ ቆሞ ከርሟል። በአራቱ ወር አንድም ሰው አልጠራውም። ያ ጎልማሳ የቀረውን ኪራይ ደምሮ በእድሩ ስብሰባ ላይ ጮክ ብሎ አነበበው፤ ገንዘቡ ትንሽ አልነበረም። እኅቴም ነገሩ ጨንቋት፣ «ታዲያ በከንቱ ቆመ እንበል?» አለችኝ።

ድንኳኑም በዚያ ክረምት አልተተከለም። እርሱን በከንቱ ታጥፎ ከረመ ያለ ሰው ግን አልነበረም። የሞተሩን አንባቢ ይፍረድ።