የድሃው ላምና የቤተ መንግሥቱ ልጅ

ከላሊበላ ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከገደል ሥር በተከፈተ ዋሻ ውስጥ የነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ከዋሻው ጣሪያ ክረምት ከበጋ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ከሥሩ የተቀመጡ የድንጋይ ገንዳዎች ይቀበሉታል፤ ምእመኑም ጠበል ብሎ ይወስደዋል። ወደዚያ የሚዘልቅ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ መስቀሉንና የብራና መጻሕፍቱን አይቶ፣ ፎቶግራፍ አንስቶ ይመለሳል። እኔም እንደዚያው አድርጌ ተመልሻለሁ። ከተመለስኩ በኋላ ግን ከሐሳቤ አልወጣ ያለኝ የዋሻው ቅርስ ሳይሆን ስለ አንዲት ላም የሚነገረው ታሪክ ሆነ።

ትውፊቱ እንዲህ ነው። ንጉሥ ላሊበላ በባለቤቱ በመስቀል ክብራ አግባቢነት ዙፋኑን ለወንድሙ ልጅ ለነአኩቶ ለአብ ለቀቀ። 18 ወር ያህል እንዳለፈ የአዲሱ ንጉሥ ወታደሮች ለገበታው የሚሆን ሥጋ ፍለጋ ወጥተው አንድ ድሃ ገበሬ ያለችውን አንዲት ላም ነድተው ወሰዱ። መስቀል ክብራ ይህን ስትሰማ ባሏን እንደገና አግባባችው፤ ላሊበላም ዙፋኑን መልሶ ያዘ። ያነገሠችውም ያወረደችውም አንዲት ሴት ናት።

የታሪክ ሰዎች ነገሩን በዚህ ልክ አይቀበሉትም። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት፣ ስለ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት በተጻፈው መጽሐፋቸው፣ ላሊበላ ዙፋኑን የለቀቀው ወዶ ሳይሆን ተገዶ ሊሆን እንደሚችል ይጠረጥራሉ። ላሊበላ ይትባረክ የሚባል የራሱ ልጅ ነበረውና፣ ለወንድም ልጅ ይገባል ወይስ ለአብራክ ክፋይ የሚለው ክርክር ከላሟ በስተጀርባ ሳይኖር አይቀርም። ሌላው ትውፊት ደግሞ ነአኩቶ ለአብን 40 ዓመት ያነግሠዋል። እኔ የታሪክ ባለሙያ ባለመሆኔ በዚህ መካከል ገብቼ አልፈርድም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ በዚያ ቤት ያደገ ልጅ ላሟን እንዴት ሳያያት ቀረ?

በዚያ ቤት ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የነአኩቶ ለአብ አባት ከላሊበላ በፊት የነገሠው ወንድሙ ሐርቤ ነው ይባላል። ላሊበላ ሲወለድ ንብ ከበበው፣ ይነግሣል ተባለ፤ በዚህም በወንድሙ ቤት እንደ ባላንጣ ታየ፣ መርዝ ቀመሰ፣ ተሰደደ። እንግዲህ ይህ ሰው ነው የወንድሙን ልጅ ከባለቤቱ ጋር ተቀብሎ ያሳደገው። ቂም ቢይዝ ማን ይፈርድበት ነበር?

(ነገሬን ላቋርጥና፣ ዣን ዣክ ሩሶ እ.ኤ.አ. በ1762 «ኤሚል» የተባለውን ስለ ልጅ አስተዳደግ የሚያወሳ ዝነኛ መጽሐፉን አሳትሟል፤ የወለዳቸውን አምስት ልጆች ግን ወደ ተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ እንደላካቸው ራሱ ተናዟል። መስቀል ክብራ ስለ አስተዳደግ የጻፈችው ነገር የለም። የሰው ልጅ ግን አሳደገች።)

«ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች» እንላለን። ተረቱ ስለ ክፉ ውሎ ሲሆን አይሳሳትም። ስለ ደግ ውሎ ግን ምን ሊለን ነው? ከደግ ጋር የዋለ ደግነት ተምሮ መምጣት ነበረበት። አልሆነም። እኔ የደረስኩበት ግምት ይህ ነው፤ ልጅ ከአሳዳጊዎቹ የሚወርሰው በፊቱ የሚሠሩትን እንጂ ያሳለፉትን አይደለም። ላሊበላ የተበደለ ሰው ሆድ ምን እንደሚመስል ያወቀው በመርዙና በስደቱ ነው። ልጁ የደረሰው ግን ከስደቱ በኋላ ነው። የተዘረጋ ገበታ፣ የተነጠፈ ምንጣፍ፣ የሚወደው አጎት አገኘ። መከራ ያየ ወላጅ ደግሞ በአገራችን አንድ ጸሎት አለው፤ «እኔ ያየሁትን ልጄ አይይ» ይላል። ጸሎቱ ሲሰማለት ልጁ በእርግጥም አያይም። ከመከራው ጋር መከረኛውንም አያይም። የምንወዳቸውን ከክፉ ቀን ስንከልላቸው ግድግዳው በየት በኩል መስኮት እንደሚያስፈልገው ብዙ ጊዜ አናስብም።

እስቲ ላሟን እንመልከታት። በላስታ ደጋ አንዲት ላም ማለት ለሕፃኑ ወተት፣ ለምድጃው ኩበት፣ ነገ ቀንበር የሚሸከም በሬ ናት። ክፉ ዓመት ሲመጣ ተሸጣ እህል ትሆናለች። አንድ በሬ ያለው ገበሬ ከመሰሉ ጋር በመቀናጆ ያርሳል፤ አንድም የሌለው መሬቱን ለእኩል ይሰጣል። «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» የሚለው አባባል እንዲህ ላለው ሰው ቧልት አይደለም። ለወታደሮቹ ግን ላሟ ሥጋ ናት። ንጉሡማ ጨርሶ አላያትም፤ እሱ ዘንድ የደረሰችው ወጥ ሆና ነው። አዘዘ የሚል አልሰማሁም። ክፋት ነበረበት ለማለትም አልደፍርም። ከክፋቱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን ይኸው ነው፤ አንድ ሰው ምንም ክፉ ሳያስብ፣ ተመስገን ብሎ፣ የሌላውን ሰው ነገ ሊበላ ይችላል።

የመስቀል ክብራም ዓይን ቢሆን ንጹሕ ነበር ብሎ መማል ያስቸግራል። ለባሏ መታሰቢያ ቤተ አባ ሊባኖስን አሠራች የሚባልላት ይህች ንግሥት፣ በቤተ መንግሥቱ ጉዳይ እጇ ረጅም እንደነበረ ይነገራል። ላሟን ያየቻት ርኅራኄ አሳይቷት ነው ወይስ ዙፋኑ? ምናልባት ሁለቱም። በዚህ አልደነቅም፤ ማናችንም የሌላውን ጉዳት የምናይበት ዓይን ከጥቅማችን የጸዳ ሆኖ አያውቅም። ደግሞም ላሟ ሰበብ ብቻ ብትሆን እንኳ፣ ንጉሥ ለማውረድ ይበቃል ተብሎ የተመረጠው ሰበብ የጦር ሽንፈት ወይም የእምነት ጉድለት ሳይሆን የድሃ ላም መሆኑ ስለ አገሩ ሰው ብዙ ይናገራል። ይኸው ሕዝብ ነአኩቶ ለአብን ቅዱስ ብሎ ያከብረዋል። ላሟንም አልረሳም፤ ጠበሉንም አልተወም።

ይህን ሁሉ የማወራው በራሴ ስለደረሰ ነው። ወደ ዋሻው የወሰደኝ ወጣት ዲያቆን ሲመሽ «እናቴ ዘንድ እደር» አለኝ። የፍስክ ቀን ነበር። እናቱ ሮጥ ብለው ዶሮ አረዱ፤ «ብላ እንጂ ልጄ፣ ምን ሆነሃል» እያሉ እግሩንም ፈረሰኛውንም ለእኔ አወጡልኝ። በላሁ፤ ጣቴን እየላስኩ በላሁ። አዲስ አበባ ስመለስም ያሳደገችኝን አክስቴን ቁጭ አድርጌ ስለ ላስታ ሰው እንግዳ ተቀባይነት አወራኋት። እንዲያውም እዚያው ላይ ለመጽሔት የሚሆን ጽሑፍ ጀምሬ ነበር።

አክስቴ የየጁ ልጅ ናት። በ1977ቱ ድርቅ የ14 ዓመት ልጅ ሆና ነው አዲስ አበባ የገባችው። ስለዚያ ዓመት አንድም ቀን አጫውታኝ አታውቅም። እኔ የማውቀው በየበዓሉ ከሾላ ገበያ ዶሮ አንጠልጥላ ስትገባ ነው። ወሬዬን እስክጨርስ ዝም ብላ ሰማችኝና፣

«ስንት ዶሮ ነበራቸው?» አለችኝ።

አላየሁም አልኳት። ማታ ነበር ብዬ ለማስተባበል ሞከርኩ። ግን ጠዋትም እዚያው ነበርኩ፤ ግቢው ውስጥ ፊቴን ታጥቤ፣ ፎቶግራፍም አንስቻለሁ። በኋላ ብቻዬን ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ተራራው አለ፤ የሣር ክዳኑ ቤት አለ፤ እናቱ በሩ ላይ ቆመው ፈገግ ብለዋል። በግቢው ውስጥ አንድም ዶሮ አይታይም።