ተስፋ የተባለችው ጃርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ነቢዩ ዳዊት በመዝሙር 103 ፍጥረትን እየጠራ ሲያመሰግን ሽኮኮን እንኳ አልረሳም። ሌሊቱን ለአራዊት፣ ቀኑን እስኪመሽ ለሰው ሥራ እንደ ተሰጠም ይናገራል። (ከመሸም በኋላ ቆመን የምንሠራ ስንቶቻችን ነን! ይህን ሌላ ቀን እንመለስበታለን።) ጃርትን ግን አላነሣትም፤ ዛሬ እኛ እናንሣት።

በአገራችን የምናውቃት ጃርት ጉድጓድ ውስጥ የምትኖር፣ የገበሬውን ማሳ የምትፈጅ ናት። በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ በፐርናምቡኮ ግን ዛፍ ላይ የምትኖር ትንሽ ጃርት አለች። ሌሊት ትወጣለች፤ ጅራቷን እንደ እጅ ቅርንጫፍ ላይ ትጠመጥማለች። የአገሩ ሰው ኮአንዱ ሚሪም ይላታል። ሊቃውንት ራሷን የቻለች ዝርያ መሆኗን የመዘገቡት ገና በ2013 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስሟንም ከላቲኑ የተስፋ ቃል አውጥተው ኮኤንዱ ስፔራተስ አሏት። የቀረው ደን ይተርፍ ይሆናል ብለው ነው።

ደኑ ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ለሸንኮራ አገዳ ሲመነጠር ኖሯል። ዛሬ የቀረው በአገዳ ባሕር መካከል እንደ ደሴት የተበጣጠሰ ነው። ኑሮዋ ዛፍ ላይ የሆነ እንስሳ ከአንዱ ደሴት ወደ ሌላው በምን ትሻገር?

ይህ ሥዕል ለእኛ እንግዳ አይደለም። ደቡብ ጎንደርን ከላይ ያየ ሰው በእርሻው መካከል ክብ ክብ አረንጓዴ ያያል፤ በየመካከሉ ቤተ ክርስቲያን አለ። ወይራው፣ ጽዱ፣ ዝግባው በታቦቱ ጥላ ተርፏል። የ«እመጓ» ደራሲ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ለዓመታት ያጠኑት እነዚህን ደኖች ነው። ከብት እንዳይገባባቸው ካህናቱና ሕዝቡ ከየእርሻው በለቀሙት ድንጋይ ያጠሯቸው አሉ። አባቶቻችን ዛፉን የጠበቁት ስለ እንስሳ ጥናት ሰምተው አይደለም፤ ቅጽሩን እንደ ገነት ስለሚያዩት ነው። አዳምም ገነት የተሰጠው ሊያበጃትና ሊጠብቃት ነበር (ዘፍ. 2፥15)።

እኛ በሰው አገር ያለነው ከደመወዛችን ቆርጠን ለተወለድንበት አጥቢያ እንልካለን፤ ለቆርቆሮ፣ ለሲሚንቶ፣ ለጉልላት። መልካም ነው፣ ዋጋውም በእግዚአብሔር ዘንድ አለ። ነገር ግን አዲሱ አዳራሽ መቶ ዓመት የቆመ ወይራ ተገንድሶ የሚሠራ ከሆነ፣ በላባችን የተገኘው ገንዘብ መጥረቢያ ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ በሚቀጥለው ስንልክ ለቄሰ ገበዙ እንደውል፤ «አባታችን፣ ዛፎቹስ እንዴት ናቸው?» እንበላቸው። መጠየቅ ድፍረት አይደለም። «ይህ ለአጥሩ ይሁንልን» ብሎ መላክም ይቻላል፤ ለድንጋይ አጥር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ድንጋዩ እዚያው ማሳው ላይ አለ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። ይቆየን።